ድንጋዩን አንስቶ መሄድ

አባቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም አመሉ አልለቀቀውም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ ስንሳፈር ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጥና የሌለ ፍሬን ይረግጣል። «ያዝ፣ ያዝ፣ ያዝ!» ይላል ለራሱ። ሹፌሩ በመስታወት ገላምጦ ያየዋል፣ እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። እኛ አገር መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ቅጠል ቆርጦ ከኋላው ይጥላል፣ ድንጋይም ይደረድራል። ለሚመጣው መኪና ምልክት ነው፤ መልካም ነገር ነው። ችግሩ ከጥገናው በኋላ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እብስ ይላል፣ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ይቀራል። ማታ የሚመጣ ሌላ ሰው ይወጣበትና ይገለበጣል። አባቴ እንዲህ ያለ ድንጋይ ካየ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ይወርዳል። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ቦይ ውስጥ ይጥላል።

ልጆች ሳለን እኔና ወንድሜ ትምህርት ሲዘጋ አብረነው እንሄድ ነበር። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። «ሹፌር፣ መሸብን እኮ! አንተ ነህ የጣልከው?» ይሉታል። «የጣለውማ ሄዷል» ይላል አባቴ እጁን በሱሪው እየጠረገ። ወንድሜ ዘሎ ወርዶ ያግዘዋል። እኔ አልወርድም፤ ሰው ሁሉ ወደኛ ሲያይ ያሳፍረኝ ነበር።

ዛሬ እንጀራዬ ከዚያ ድንጋይ ብዙም የራቀ አይደለም። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ባለች አንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሰዎች ወደ ሰማይ የላኩትን ነገር እንከታተላለን። ጠፈር ሲባል ለሰው የሚመጣለት ኮከብና ጨረቃ ነው። የእኛ ሥራ ነዳጁን ጨርሶ የሚንከራተት ሳተላይት፣ ያመጠቀው ሮኬት ባዶ ቀፎ፣ የተላጠ ቀለምና የወለቀ ብሎን ነው። ሁሉም ምድርን ይዞራል፣ ሁሉም ከጥይት ይፈጥናል። አንዲት ብሎን ደህናውን ሳተላይት ካገኘችው ትበታትነዋለች፣ የሱ ስብርባሪ ደግሞ በተራው ሌላ ይመታል። ድሮ ቢያንስ ቦታው ሰፊ ነበር። አሁን ለኢንተርኔት ተብሎ ሳተላይት እንደ ከብት በመንጋ ይለቀቃል። በመንጋ የወጣው በመንጋ ያረጃል። ያረጀውን ማን ያወርደዋል የሚለው ነው የኛ የዘወትር ጭቅጭቅ።

ዋናው ሥራችን ፀሐይ እንደጠለቀች ወይም ልትወጣ ስትል ነው። ያን ጊዜ እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እነሱን ፀሐይ ታገኛቸዋለች፣ ስለዚህ ፍንትው ብለው ይታያሉ። እድሜዬን ጎሕ ሲቀድ ከተራራ ስወርድ ጨረስኩት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእንጦጦ ብርድ ደግሞ ማዕረግ አይለይም፤ ፕሮፌሰሩም ጥበቃውም ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚሠራው። ይህን ጋቢ አንባቢ ያስታውስልኝ።

ወንድሜ የኔ ታናሽ ነው። ባሕር በሌለው አገር ተወልዶ መርከበኛ ሆነ፤ የመርከብ ሞተር መሐንዲስ። ሰፈሩ መሳቂያ አደረገው። «ቀበና ወንዝ ላይ ነው የምትቀጠረው?» ይሉት ነበር። እሱም ከነሱ ጋር ይስቃል። ሲሄድ አባቴ መናኸሪያ እንደሚሸኝ ሰው ሻንጣውን በእጁ መዘነና «ከብዷል፣ ኋላ ላይ አድርገው» አለው። አውሮፕላን ላይ ኋላና ፊት የሚመርጥለት ያለ መሰለው።

መጀመሪያ አካባቢ ወደብ ሲደርስ ብቻ ነበር የሚደውለው። በመሃል ድምፁ ለረጅም ጊዜ ይጠፋል። ኋላ ላይ መርከባቸው ላይ ከነዚያ በመንጋ ከተላኩት ሳተላይቶች ጋር የሚያገናኝ ሳህን ተገጠመና ከውቅያኖስ መሃል በቪዲዮ ይደውል ጀመር። አባቴ ከእራት በፊት ስልኩን መደርደሪያው ላይ በስኳር ቆርቆሮ አስደግፎ ይጠብቀዋል።

«በላህ?»

«በላሁ አባዬ።»

«ምን?»

«ሩዝ።»

«ዛሬም ሩዝ! አያምህም?»

ከዚያ ወሬው ሞተር ነው። «እስቲ ድምፁን አሰማኝ» ይለዋል። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ወደ ሞተሩ ክፍል ይወርዳል፣ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ቤታችን የዚያን የማናውቀውን መርከብ ጩኸት ይሞላል። «ደህና ነው» ይላል በመጨረሻ፣ ሊያሽረው እንደሚችል ሁሉ። ወንድሜ ጥርሱ በሙሉ እስኪታይ ይስቃል።

አንድ ምሽት ግቢ ውስጥ ቆመን ሳለ ነጫጭ መብራቶች ከከተማው በኩል ተነሥተው ተከታትለው ወደ እንጦጦ ሄዱ። አባቴ እጄን ያዘኝ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

«ልጄን የሚያገናኙኝ?»

«ከነሱ አንዱ።»

ቆቡን አወለቀ። እኔ እነዚያን መብራቶች ሥራ ላይ ስረግማቸው ነው የምውለው። ፎቶዎቻችንን ይጭሩብናል፣ መንገዱን ያጨናንቁብናል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሡኛል። እቤቴ ግን አፌን መያዝ ነበረብኝ። የወንድሜን ጥርስ የማየው በነሱ ነው።

ስልኩ የመጣው ለኔ ነው። የመርከቡ ኩባንያ ሰው በጨዋ ድምፅ ስሜን አረጋገጠ። ማዕበል በነበረበት ዕለት ወንድሜ አንድ ነገር ሊያይ ወደ ላይ፣ ወደ መርከቡ ወለል ወጥቶ ነበር፤ አልተመለሰም። ፈልገውታል። በአካባቢው የነበሩ መርከቦችም ፈልገውታል። ፍለጋው ቆሟል። ሰውዬው በጣም እንዳዘነ ነገረኝ፤ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ኮምፒውተር ከምድር በላይ የሚሮጡ ነገሮችን መንገድ ያሳያል። ከእጅ ሻንጣ የማይበልጥ ነገር ከጥይት ፈጥኖ ሲሮጥ ነገ የት እንደሚሆን እናውቃለን። ወንድሜን ውሃ ላይ የሚያገኘው ጠፋ። ተናደድኩ። ሐዘኑ ኋላ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ንዴት ነበር። ወጥቼ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁና አንዱን ግንድ ይዤ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ሰው መንገድ ላይ ሳለ አይነገረውም፣ በስልክ አይነገረውም፣ ሳይበላ ሳይተኛ አይነገረውም። ጎሕ ሲቀድ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድና የሰፈር ሽማግሌዎች ጋቢና ነጠላቸውን ለብሰው ዝም ብለው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ሲወድቅ የሚይዘው እንዳያጣ ነው። ያ ቀን እስኪደርስ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ሁሉም እንደ ወትሮው ያጫውተዋል። እንደዚህ ያለ ደግነትና እንደዚህ ያለ ጭካኔ አንድ ላይ ሌላ ቦታ አላየሁም።

አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው። የቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቅ ነበር፣ ሐኪሙም ድንጋጤ እንዳታመጡበት ብሎናል። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ነገሩን እንደነገርኩት ለረጅም ጊዜ አለቀሰና አፍንጫውን ጠርጎ ፈረደ።

«ቀዶ ሕክምናው እስኪያልፍ አፍን መዝጋት ነው።»

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ ማታ እኮ ስልክ ይጠብቃል። ምን ልበለው?»

«እሱን አንቺ ታውቂበታለሽ። የሰማዩ ነገር ያንቺ አይደል እንዴ?»

የዚያን ዕለት ማታ አባቴን ስልኩን በስኳር ቆርቆሮው አስደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ካፖርቴን ሳላወልቅ ነገርኩት፤ ካወለቅሁ ድፍረቴ ይሄዳል ብዬ።

«አባዬ፣ ሰማይ ላይ ግጭት ተፈጥሯል።»

«ምን ከምን?»

«አንድ የሞተ ሳተላይት ከደህናው።»

«የሞተውን ለምን መንገድ ላይ ተዉት?»

«የሚያነሣው ጠፋ።»

«የላከውስ?»

«ሄዷል።»

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «የትም ቢሆን አንድ ናቸው!» አለ። ስብርባሪው ብዙ ሳተላይት ስለጎዳ ባሕር ላይ ያሉት መስመራቸው ተቋርጧል፣ እስኪስተካከል ጊዜ ይወስዳል አልኩት። ከተናገርኩት ውስጥ ውሸቱ ደረሰ ማለቴ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በየቀኑ የምፈራው ነገር ነው፤ የምፈራውን እንደሆነ አድርጌ ሰጠሁት። እሱም አመነኝ። ልጁ የሰማይ ባለሙያ ናት፣ ለምን አያምናት?

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስገባ ጥያቄው አንድ ሆነ። «ዛሬስ ጠረጉት?» ይለኛል። የጠፈር መጥረጊያ እንደሌለ ነገርኩት። አንዳንዶች ስብርባሪውን በመረብ ወይም በክንድ መሳይ ነገር ለመያዝ እየሞከሩ ነው፣ ገና ሙከራ ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ አለመጣል ነው አልኩት። የላከ ሰው ለመውረጃ የሚሆን ነዳጅ ሳይነካ ያስቀምጣል። ዕቃው ሲያረጅ፣ ገና እየታዘዘ ሳለ፣ ዝቅ ዝቅ ያደርገውና አየር ውስጥ ገብቶ ተቃጥሎ ያልቃል። ሲሠራም ተቃጥሎ እንዲያልቅ ሆኖ ይሠራል። ተቀራርበው የሚያልፉ ደግሞ ቀድመው ይነጋገራሉ፣ አንዱ ለሌላው ይለቃል። አባቴ የሞተር ድምፅ በሚሰማበት ፊቱ አዳመጠኝ።

«ይሄ እኮ የመንገድ ደንብ ነው» አለ። «ይኸው ነው በቃ። ማን ያስከብረዋል?»

«ሁሉንም የሚያዝ የለም። የሚያከብር ያከብራል።»

«ትራፊክ የለም?»

«የለም።»

«ልጄን ትራፊክ በሌለው መንገድ አምኜ ነው እንግዲህ የተቀመጥኩት» አለ።

ድምፁን እየቀዳ መልእክት መላክም ጀመረ። መስመሩ ሲከፈት ባንድ ጊዜ ይደርሰዋል ብሎ ነው። ምሽት ምሽት መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ወደ አፉ ያስጠጋል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። «ልጄ፣ እንደምን ዋልክ። ሰማዩ ተበላሽቶ ነው አሉን። አይዞህ። እህትህ እየሠራችበት ነው።» ሲጨርስ ስልኩን ያመጣልኛል። «አሁንም አንድ ምልክት ብቻ ነው?» ይላል። አዎ፣ አንድ ምልክት ብቻ ነው፣ አልደረሰም። ሰሃን አጥባለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራለሁ። በዚያ ሰሞን የሳቅሁትን ያህል በሕይወቴ ስቄ አላውቅም።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ እኔም ወንድሜም እትዬ የምንላቸው፣ እናታችን ከሞተች በኋላ ወንድሜን አብልተው ያሳደጉ ናቸው። እሳቸውም ያውቃሉ። ለአባቴ ሾርባ ይዘው ይመጡና አስቀምጠው ፊታቸውን አዙረው ይሮጣሉ። «እትዬ ምን ሆነዋል? ሳላውቅ አስቀይሜያቸዋለሁ እንዴ?» ይለኛል። ጥርሳቸውን አሟቸው ነው እለዋለሁ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ከቢሮ የወጣ ወሬ ሰፈር ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ወንድሜን የማለቅሰው ከባሕር ዛፎቹ ጋር ብቻ ነበር።

በዚያው ወቅት የኛዋ ትንሽ ሳተላይት ጉዳይ መጣ። እኛና ተማሪዎቻችን የሠራናት፣ የእርሻ መሬትና የወንዝ ፎቶ የምታነሣ ነበረች። ባትሪዋ ደክሟል፣ ነዳጇ ሊያልቅ ነው። ፀጉራቸው የሸበተ አለቃችን እንደ ልጅ ነው የሚያይዋት። ስብሰባ ላይ አንድ ክረምት ትጨምርልን አሉ። «ዓይናችን ናት። ዓይኔን በገዛ እጄ ላውጣ?» አሉ።

እኔ ተነሣሁ። ስለ ቁጥር ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን የአባቴ ድንጋይ ሆነ። ቅጠሉን፣ የተሳፋሪውን ጉርምርምታ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይቀር ተናገርኩ። ሳቁ። አለቃችንም ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁን ተዉት።

«ራሳቸው ወርደው ነው የሚያነሡት?»

«ራሱ።»

«ያልጣሉትን?»

«ያልጣለውን።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ብዙ ጠረጉት። «እኛ የጣልነውን እንኳ ለማንሣት ነው የምንከራከረው» አሉ። «በቃ፣ እየታዘዘችን ሳለ እናውርዳት።»

በስብሰባው ያልተናገርኩት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ለሰማዩ አስቤ ብቻ አይደለም። መጨረሻው የሚታወቅ አንድ ነገር ፈልጌ ነበር። የት ወረደ ሲሉኝ እዚህ ብዬ የምመልስለት አንድ ነገር።

አባቴ ወሬውን ስነግረው ደስ አለው። «ያንቺ አለቃ ሰው ነው» አለ። በድንጋዩ ታሪክ ደግሞ ኮራ። ሳተላይቷን በየሳምንቱ ዝቅ እያደረግናት እሱም የት ደረሰች እያለ ይጠይቃል። የኛ ስትወርድ የወንድሜ መስመር የሚከፈት መስሎት እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። አይደለም፣ ሌላ ነው ልለው ነበር። ተስፋውን አይቼ ተውኩት።

የሳተላይቷ የመጨረሻ ማለዳ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ጋቢያችንን ተከናንበን ውጭ ቆምን። ገና ካለች በዚያች ሰዓት በላያችን ማለፍ ነበረባት። የካ በኩል ሰማዩ መንጣት ጀመረ። ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈ። ምንም አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ውጭ አገር ካሉ ባልደረቦቻችን መልእክት ደረሰ፤ ውቅያኖስ ላይ አየር ውስጥ ገብታ ተቃጥላ አልቃለች። ማንም አልተጎዳም፣ ምንም አልቀረም። ያልመጣ ነገር ጠብቀን፣ ባለመምጣቱ ተቃቀፍን። አለቃችን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ማንም ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ በዚያ ቦታ ማልቀስ የሚያስገርም አልነበረም።

«አባትሽን ሳላመሰግን አልሄድም» አሉ አለቃችን። «ከሰዓት መንገደኛ ነኝ። ቤታችሁም በመንገዳችን ነው። ይነሣሉ?»

«አባቴ ከወፍ በፊት ነው የሚነሣው» አልኩ።

እዚህ ላይ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። እዚያ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጎሕ ሲቀድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን እንቅልፍ አልተኛሁም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ልቤ ቀሎኛል። አባቴ በመመስገኑ ላይ ነበር ሐሳቤ። ሌላ ነገር አልታየኝም።

ሰፈሩን እንዳንቀሰቅስ ብለው መኪናውን ታች አቆሙት። ዳገቱን በእግር ወጣን። ፊት አለቃችን፣ ቀጥለው ሁለት በዕድሜ የገፉ ባልደረቦቻችን፣ ከኋላ እኔ፣ ዓይኔ በለቅሶ የቀላ። ሁላችንም ተከናንበናል። ዳገቱ ስለሚያደክም ማንም አይናገርም። በራችንን አለቃችን በቀስታ አንኳኩ።

የእትዬ መስኮት ተከፈተ። አዩን። አጎቴ የመርዶውን ቀን ያለ እሳቸው ምክር ያቀረበው መሰላቸው፤ ምን ሌላ ይምሰላቸው? ያን ሁሉ ጊዜ አንቀው የያዙት ለቅሶ አመለጣቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወጡ።

«ወይኔ ልጄ! ወይኔ ውሃ የበላው ልጄ! መቃብር እንኳ የሌለህ!»

በዚያው ቅጽበት አባቴ በሩን ከፈተ። ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል። እትዬን አየ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን፣ አንዱን ጋቢ ከሌላው ጋቢ፣ በየተራ አየ። አለቃችን ግራ ገብቷቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። «አባት፣ እኛ እንኳ… ለምስጋና ነበር የመጣነው» አሉ። አልሰማቸውም። በመጨረሻ እኔን አየኝ።

አይደለም ማለት እችል ነበር። እትዬ ሕልም አይተው ነው ብዬ ማስተባበል እችል ነበር፤ በዚያ ሰሞን ከዚያ የከበደ ብያለሁ። ጋቢዬን ከራሴ ላይ አወረድኩና ወደሱ ሄድኩ።

አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም። ጉልበቱን በቡጢ መታ፣ ደገመ። «መቼ?» አለኝ። ነገርኩት። እንባው በዝምታ ወረደ። አለቃችን ነገሩ ገባቸው። ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ጣሉና አጠገቡ፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ ተቀምጠው ክንዱን ያዙት። በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው እንደ ወንድማቸው ደግፈው ይዘው አለቀሱለት። ሊያመሰግኑ የመጡት ሰዎች መርዶ ነጋሪ ሆነው ቀሩ።

ፀሐይ ሳትወጣ ግቢው ሞላ። እድሩ ድንኳኑን አመጣ። አጎቴ እየሮጠ ደርሶ እኔን ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ወዲያው አባቴ እግር ሥር ወድቆ ማልቀስ ጀመረ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ እንዴት እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል፤ ሰው እጁን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ፎቶውን ወንበር ላይ አቁመን ለሱ አለቀስን። የአባቴ ልብ ቻለ። የፈራነው አልሆነም። የቀዶ ሕክምናውን ተራ እስካሁን ይጠብቃል።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት፣ ወደ ማታ፣ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ግቢ ወጣ። ተከትዬው ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። መብራቶቹ ከከተማው በኩል ብቅ አሉ፣ እንደ ወትሮው ተከታትለው።

«ሰማይ ላይ የተጋጨ የለም?» አለኝ።

«የለም አባዬ።»

«መስመሩም አልተቋረጠም?»

«አልተቋረጠም።»

የመጨረሻዋ መብራት ከእንጦጦ ጀርባ እስክትጠፋ በዓይኑ ሸኛት።

«ታዲያ የሌሎቹ ልጆች ይደውሉ ነበር» አለ።

«ይደውሉ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ አልተቆጣኝም። ከጋቢው ሥር ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ለወንድሜ የላካቸው መልእክቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር አንድ ምልክት ብቻ።

«አንሺልኝ» አለኝ። «መንገድ ላይ አይቅሩ።»

አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። አንዱንም አላዳመጥኩም፤ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ብርዱ እየበረታ መጣ፣ ቤት ግባ ስለው እምቢ አለኝ። እስክጨርስ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ።